ቢጫው ወይስ ብርቱካናማው

«ቢጫውን ወደ ካሜራው አስጠጋልኝ» አሉ ወይዘሮ አዜብ። ኔትወርኩ የሚገኘው ግቢው በር ላይ ብቻ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ቆመዋል፤ ባለቤታቸው አቶ ጠና ጃንጥላ ይዘውላቸዋል።

ልጃቸው ዮሲ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ከተማ፣ የጀልባ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ ነው። ሆመቾ ተወልዶ ሆሳዕና ያደገ ልጅ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ ብቻውን ባሕር ላይ መቅዘፍ ጀምሯል። እናቱ ሦስት ሳምንት አኩርፈው የታረቁት በአንድ ስምምነት ነው፦ አደጋ ቢደርስበት ያለበትን ቦታ በሳተላይት የሚጠቁም መሣሪያ ይገዛል፤ የሚመርጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«ቢጫው ስጫነው ነፍስ አድን ሠራተኞችን ብቻ ይጠራል» አለ ዮሲ። «ብርቱካናማው ግን የት እንዳለሁ በየአስር ደቂቃው ላንቺም ይልክልሻል።»

ፊታቸው በራ። «በቃ፣ እሱን!»

«ግን እማዬ፣ እሁድ ጠዋት…» ምላሱን ነከሰ።

«እሁድ ጠዋት? የምትቀዝፈው ቅዳሜ ነው ብለኸኝ አልነበር እንዴ?»

አቶ ጠና ጃንጥላውን በራሳቸው ፊት ላይ ዝቅ አደረጉ።

«አንተም ታውቅ ኖሯል!» ዞረው አፈጠጡባቸው።

«አምልኮ ሳይጀመር እመለሳለሁ» አለ ዮሲ ቶሎ ብሎ።

ወይዘሮ አዜብ ነገሩን ለሌላ ቀን አሳደሩት። «ባትሪያቸውስ?»

«ብርቱካናማው በየጊዜው ቻርጅ ይፈልጋል። ቢጫው ሳይነካ ዓመታት ይቆያል።»

ቻርጅ ሲባል አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ይህን ልጅ በእህቱ ሠርግ ቀን እንኳ ደውለው ያጡት ስልኩ ቻርጅ ጨርሶበት ነው።

«ቢጫውን ያዝ» አሉ በመጨረሻ።

«ላንቺ እኮ ምንም አይነግርሽም።»

«ይቅርብኝ። እነሱ ከደረሱልህ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ ጀልባዋ ላይ አስረዋለሁ።»

«ጀልባዋ ጥላህ ብትሄድስ? ራስህ ላይ ነው እንጂ!»

ከዮሲ አጠገብ የቆመው ሻጭ ምን እንዳሉ ጠየቀ። ሲተረጎምለት በሳቅ ፈነዳና የመንሳፈፊያ ጃኬት ይዞ መጣ። ዮሲ ለበሰው፤ ቢጫዋን መሣሪያ ደረቱ ላይ አሰራት።

«ዙር እስቲ።»

ዞረ።

«ማሰሪያውን አጥብቀው።»

አጠበቀ። ቀና ብሎ አፉን ሲከፍት ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ዮሲም እንደዚያው ደርቆ ስክሪኑ ላይ ቀረ።

አቶ ጠና ቀስ ብለው ወደ ቤት ሾለኩ። ወይዘሮ አዜብ ግን ስልኩን አልዘጉትም። የስክሪኑን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።