የጋሽ ሀብተሥላሴ ኦፌንስ

«ይውረዱ የምትሉ እጅ አውጡ!» አለች ካሳነሽ፤ ሌላው ሳያወጣ የራሷን ሁለቱንም አወጣች።

«አንድ ሰው አንድ እጅ ነው፣ እትዬ» አለ አምሐ።

«አንዱ የናዖድ ነው። ልጄ አፍሮ መኪና ውስጥ ገብቷል።»

ማንደፍሮ ሳምቡሳውን ወደ ግራ እጁ አዛውሮ ቀኙን አነሳ። የአምሐ እጅ ብቻ ጉልበቱ ላይ ቀረ።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለው የዩኒየን ሲቲ ሜዳ ባዶ ሆኗል፤ ዳር ላይ የቀሩት ሦስቱ ብቻ ናቸው። ከኦክላንድ የመጣው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የልጆች ቡድን ዛሬም በዜሮ ተሸንፏል። ጨዋታው የአሜሪካኖቹ ኳስ ነው፤ መጣጣል ግን የለበትም። ኳስ የያዘው ልጅ ወገቡ ላይ የታሰረው ጨርቅ ከተነጠቀ ሩጫው ያበቃል። መከላከሉ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም። ቅሬታው ማጥቃቱ፣ ኦፌንሱ ላይ ነው፤ ኦፌንሱን የሚመሩት ደግሞ ኦክላንድ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው።

«ሲዝኑን ሙሉ አንድ ፕሌይ! ኳሱን ይዞ በቀኝ መሮጥ!» አለ ማንደፍሮ። «መስመር ይዘው አይለቁም እኮ። የቀረን ፌርማታ ብቻ ነው።»

«ልጄ ሪሲቨር ነው፣ ኳስ ይቀልባል ተብሎ ጓንት ገዛሁለት» አለች ካሳነሽ። «ጓንቱ እስካሁን ኳስ አልነካም። ‹አይም ኦፕን፣ የያዘኝ የለም› እያለ እጁን እንዳነሳ ጨዋታው ያልቃል። ታክሲ የሚያስቆም ነው የሚመስለው!»

«ልጆቹም እኮ ልምምድ ይቀራሉ…» አለ አምሐ። ለሁለቱም ወገን ማሰብ ልማዱ ነው፤ ዛሬ ግን ሌላም ነገር አለበት። ጋሽ ሀብተሥላሴ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ መጋረጃ ዘግተው ሶፋ ላይ ሲውሉ፣ ሄዶ «ልጆቹ ሰው ይፈልጋሉ» ብሎ የለመናቸው እሱ ነው። አሁን ቢወርዱ ወዴት እንደሚመለሱ ያውቃል።

«ይሁን፣ ማን ይነግራቸዋል?» ሲል ጠየቀ።

እንዲህ ሲሆን ሽማግሌ ይላካል። ችግሩ፣ ከኦክላንድ እስከ ሳን ሆዜ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪክ ከሸሪክ ሲካሰስ የሚላኩት ሽማግሌ ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው። ማንደፍሮን ራሱን ከሚስቱ አስታርቀዋል፤ ደጋግመው።

«እንግዲህ እሳቸውን ወደ እሳቸው እንላካቸዋ» አለ ማንደፍሮ።

«ወዴት ነው የምትልኩኝ?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ከኋላቸው ቆመዋል፤ የሜዳ ምልክት ኮኖቹን በፌስታል አንጠልጥለው። ካሳነሽ ድንገት ማቀዝቀዣው ሳጥን ውስጥ የምትፈልገው ነገር በዛባት። ሽማግሌው ፊታቸውን አንድ በአንድ አዩ።

«ፀብ አለ» አሉ። «ማን ከማን?»

«ከ… ከኦፌንሱ ጋር ነው፣ ጋሼ» አለ አምሐ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ፌስታሉን አስቀመጡ። ሁለት ታጣፊ ወንበሮች አምጥተው ፊት ለፊት ዘረጉና አንዱ ላይ ተቀመጡ።

«ከሳሽ ይናገር። ተራ በተራ፤ መሳደብ የለም።»

«ጋሼ፣ እርስዎን እኮ…» አለች ካሳነሽ።

«እኔ አሁን ሽማግሌ ነኝ። አሰልጣኙ እዚያ ነው» ብለው ባዶውን ወንበር አሳዩዋት። «ለእሱ ንገሪው።»

ካሳነሽ ወንበሩን አየችው። ወንበሩ ዝም አለ። ድፍረት አገኘች። «ስማ፣ አንተ ሰውዬ!»

«መሳደብ የለም አልኩ።»

«‹አንተ› ስድብ ነው እንዴ?»

«እሱም ትልቅ ሰው ነው።»

«እሺ፣ ይስሙ፣ እርስዎ ሰውዬ! አንድ ቀን እንኳ ለልጄ ኳስ አስወርውረው ያውቃሉ?»

«አንድ ቀን እንኳ?» ሽማግሌው ከልባቸው ደነገጡ። «ይሄማ በደል ነው።»

ተነሥተው ተሻገሩና ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ወረደ። «የያዝነውን ኳስ ለምን እንወረውራለን?» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

ተመልሰው ተሻገሩ። «ናዖድ ይቀልበዋል ነው የሚሉት።»

እንደገና ተሻገሩ። «ቢያመልጠውስ? እናቱ እያየችው? ይሄ ሁሉ ሰው እየጮኸበት? እኔን ይስደቡኝ።»

የካሳነሽ እጅ ሳጥኑ ክዳን ላይ ቀረ። ማንደፍሮ ሳምቡሳውን ማኘክ አቆመ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ ሽማግሌው ወንበር ተመልሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሰውየው ክፋት የለበትም» አሉ። «ልጆቹን ይወዳል። ግን አጥቁ ብሎ መላክ ሲገባው ይደብቃቸዋል። ይውረድ።»

«ኧረ ጋሼ! እስከ ሲዝኑ መጨረሻ እንኳ!» አለች ካሳነሽ።

«ቢያንስ በግራም ያስሩጡ…» አለ ማንደፍሮ።

«ከሳሽ ለተከሳሽ አይማልድም። ተፈርዷል።»

ለመጨረሻ ጊዜ ተሻግረው የተከሳሹ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሌላ ቀን ቢሆን ሽማግሌው የተፈረደበትን ሰው አቅፎ አንድ የሚያጽናና ነገር ይለው ነበር። አሁን ፊት ለፊታቸው ያለው ወንበር ባዶ ነው።

አምሐ ተነሥቶ እዚያ ተቀመጠ። ሽማግሌ ምን እንደሚል አያውቅም። «እስቲ እርስዎ ይናገሩ፣ ጋሼ» አለ።

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልምጣ?»

አምሐ ሊመልስ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። የቀደመችው ካሳነሽ ናት። «ከእኛ ጋር ነዋ! እኛስ ሥራችን መጮህ አይደል?» ብላ እሳቸው እንደተቀመጡ ወንበራቸውን ይዛ ወደ ሜዳው አዞረችው።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ባዶውን ሜዳ አዩ። «ወርውረው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«ይሄማ ጸሎት ነው» አለች ካሳነሽ። «ከሆድ ነው የሚወጣው!»

ደረታቸውን ነፉ። «ኧረ ወርውረው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ሣሩ ላይ ፍርፋሪ ሲለቅሙ የነበሩት ወፎች ብር ብለው ተነሡ።