ያፈረ እግር

ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ደም ወደ እግሩ በደንብ አይደርስም ከተባለ ወዲህ፣ ሥራው ሁለት እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ሚስቱን ማዘዝ ሆነ። ሐኪሙ «ካልተራመዱ ይቆረጣል» ቢለውም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ሚስቱ አመሻሽ ላይ እነዚያን ቀዝቃዛ እግሮች ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ እያሸች ትሰድበዋለች።

«ሬሳ የማሽ ነው የሚመስለኝ። ተነስተህ ተራመድ፣ አንተ ጉቶ!»

«አይሰማኝም እኮ፣ አንቺ ሴትዮ። እግሬ የራሴ አልመስል አለኝ።»

«ያንተ መባሉ አሳፍሮት ነዋ!»

ብርድ ልብሱን እላዩ ላይ ወርውራበት ሳህን ልታጥብ ገባች። ውጪ ዝናቡ ዶፉን ይለቀዋል። ወዲያው ከኮሪደሩ ኮቴ ሰማች፤ ግራውን እየጎተተ የሚሄድ፣ ድሮ ከሥራ ሲመለስ የምታውቀው የባሏ ኮቴ። የውጪው በር ሲጢጥ ብሎ ተከፈተ፣ ኮቴውም ደረጃውን ወረደ።

«አስመሳይ! ለካ ስትፈልግ ትራመዳለህ!» ብላ ጮኸች።

«ማንን ነው የምትሳደቢው?» አለ ባሏ ከሳሎን።

እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ሰውዬው እንደተወችው ወንበሩ ላይ ነው። ብርድ ልብሱ ግን ከጉልበቱ በታች ትራሱ ላይ ለጥ ብሏል።

«ኧረ ተሰማኝ!» አላት ፊቱ በርቶ። «እግሬን ዝናብ እየመታኝ ነው!»