ከደሴቲቱ የተደወለ ስልክ

የባሕር ትምህርቱን በመርከብ ላይ የሚለማመደው ወጣት አንድ የግሪክ ደሴት ሲደርሱ የግማሽ ቀን ፈቃድ አገኘ። ጓደኞቹ የፈረሱ የጥንት ቤተ መቅደሶችን ሊያዩ ወጡ፤ እሱ ግን ብቻውን የደሴቲቱን መቃብር እየጠየቀ ሄደ። ታዘበው የሚባለው ታላቅ ወንድሙ ለስደት የተሳፈረባት ጀልባ እዚህ አካባቢ ሰጥማለች ብለውት ነበር።

አንድ የግሪክ ቄስ ስም ያልተጻፈበት የእንጨት መስቀል አሳዩት። መስቀሉ ላይ ሬሳው አንገት ላይ የተገኘው ማተብ ታስሯል፤ እናታቸው በጥቁርና በሰማያዊ ክር የገመደችው። የራሱን ዳበሰ። አንድ ነው።

አልቅሶ ሲወጣለት ፊቱን ታጥቦ ወደ ቤት ደወለ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ያውም ልቧን ለሚያማት እናት። ስልኩን ያነሱት የእናቱ ወንድም ጋሼ ይርዳው ናቸው።

«እማዬስ?»

«ጠበል ሄዳለች። ደህና ናት።»

«ታዘበውን አገኘሁት ይበሏት። እዚህ ሥራ ይዟል፤ ወፍሯል እንዲያውም። ስልኩ ጠፍቶበት ነው ያልደወለው።»



«እውነትህን ነው?»

«በዓይኔ በብረቱ አየሁት።»

«እነግራታለሁ። ደስ ይላታል። አንተ ብቻ ትምህርትህ ላይ በርታ።»

ከኋላቸው በር ተከፈተና የአንዲት አሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«ይርዳው፣ የእህትህን ነፍስ ይማርልን። አደራ፣ ባሕር ላይ ላለው ልጇ እንዳትነግሩት፤ አገሩ ሲገባ ታረዱታላችሁ።»

«ሬዲዮ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሼ ይርዳው።