የሐምሌ ፀሐይ

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ዘውገ ዛሬ ጠዋት ፀጉራቸውን እንደሚቆረጡ ለሰፈሩ ሕዝብ በሙሉ በይፋ ተነገረ።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ የኪራይ ሱቁን ለቆ፣ መኖሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ የምትቆመውን ሚኒባሱን ፀጉር ቤት አድርጓታል። ጣሪያዋ ላይ የዘረጋው ተጣጣፊ ሶላር በክረምትም ባትሪዋን ሞልቶ ማሽኑን ካሠራለት፣ ዳኛው የዕድሩን ግቢ ለሥራው ሊፈቅዱለት ቃል ገብተዋል። ካልሆነ ግን መኪናዋን ሸጦ ተቀጣሪ መሆኑ ነው።

ሰማዩ አመድ መስሏል።

«ይሄ ደመና አያስቸግርህም?» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ ሚኒባሷ ውስጥ ወንበሩ ላይ እየተመቻቹ።

«የሐምሌ ፀሐይ እኮ ውስጥ ለውስጥ ነው የምትሠራው፣ ጋሼ።»

«እውነትህን ነው። ይኸው በጣሪያው በኩል አናቴን ሞቀኝ።»

ዳኛው ከሞቃቸው ማን ይበርደዋል? በሩ ላይ የተሰበሰብነው ጎረቤቶችም ተራ በተራ ሞቀን። አንድ አዛውንት እንዲያውም «ኧረ አቃጠለችን!» ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ማሽኑ እየዘመረ የዳኛውን ቀኝ ጎን ላጨ። ጋሽ ዘውገ በመስታወት አይተው ረኩና የግቢውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ።

ይሄኔ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ቀስ እያለ ዝም አለ። የጎረቤት ሬዲዮ ተከተለ። ማሽኑም የዳኛው አናት መሃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«መብራት ሄደ!» አለች የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ከቤት ውስጥ።

አዛውንቱ ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ።