የአማት ስጦታ

አሉላ ካዛንቺስ ላይ ምግብ ቤት ሲከፍት አማቱ አቶ ሀብተሥላሴ ጦጣ ይዘውለት መጡ። የብረት ፍርግርግ ቤቷን ራሳቸው አሠርተው መግቢያው ላይ አስተከሉት። «ልጅ ያለው ሁሉ አንተ ጋ ነው የሚመጣው» አሉት። እውነታቸውን ነበር።

ዓመታት አለፉ። ሠፈሩ ግማሹ ፈርሶ ምግብ ቤቱ ተረፈ፤ ጦጣዋም ተረፈች። የክንዷን ጠጉር ግን ነጭታ ጨርሳዋለች። ልጆች ሙዝ ሲወረውሩላት ዞር ብላም አታይ። ጥግ ይዛ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትወዛወዛለች። ደንበኞች «ትደንሳለች እኮ» እያሉ በስልካቸው ይቀርጿታል።

አሉላ ያን መወዛወዝ ያውቀዋል። በልጅነቱ ቄራ አካባቢ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ሲመሽ በሩን ከውጭ ይቆልፉበት ነበር። መብራት አልነበረውም። እንቅልፍ እስኪወስደው ጉልበቱን አቅፎ እንደዚያው ይወዛወዛል። ስለዚያ ዘመን ለሚስቱ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ሱቁ የአባቷ ነበር።

አንድ ጠዋት ከወጥ ቤቱ ጫጫታ ሸሽቶ እንደ ልማዱ ጓሮ፣ ውሃ ታንከሩ ጀርባ ስልክ ሲያወራ ቆይቶ ሲመለስ፣ ዘበኛው ገለታ ባልዲውን እንደያዘ ጠበቀው።

«ጋሼ፣ ይቺ ጦጣ ታማለች። ወገቧን አይተውታል? የታሰረችበት ቀበቶ ሥጋዋ ውስጥ ገብቷል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ዝም ነው?»

«ለአባባ ንገራቸዋ፣ ደፋር ከሆንክ።»

ገለታ ሳቀ። «እኔ? ሦስት ልጆች አሉኝ እኮ ጋሼ።»

አሉላም አንዴ ምሳ ላይ ሞክሮ ነበር። «አባባ፣ ጦጣዋ…» ብሎ ጀመረ። አቶ ሀብተሥላሴ ፈገግ አሉ። «አንተን አሳድጌ ለዚህ ያበቃሁ ሰውዬ እሷን ማኖር ያቅተኛል?» አሉላ ከራሱ በኩል ያለውን ጥብስ ወደ እሳቸው ገፋው። ወሬው በዚያው ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞች መጡ። አለቃቸው ወጣት ሴት ናት። በስልክ ጥቆማ ደርሶናል አለች፤ ስለ ጦጣዋ ጠጉር፣ ስለ ወገቧ ቁስል፣ ማታ በሩ ተዘግቶ መብራት ሲጠፋ ስለምታሰማው ድምፅ።

«ማነው የደወለው?» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ፣ ከምሳቸው ተነስተው።

«ስሙን አልነገረንም።»

አሉላ የፍርግርጉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ጦጣዋ ስትወጣ አልታገለችም። መኪናው ውስጥ ገብታም እየተወዛወዘች ሄደች።

አቶ ሀብተሥላሴ ባዶውን ፍርግርግ ጠጋ ብለው አዩት። ከዚያ ወደ አሉላ ዞሩ።

«የማታ ድምፅዋን ደንበኛ አይሰማም። እዚህ ማነው የሚያድረው?»

«አባባ፣ ስንት ሰው ነው የሚያያት። ማንም ሊሆን ይችላል።»

«ማንም አይደለም። ዘበኛህን ባለፈው ቀበቶዋን ሲነካካ አይቼዋለሁ። ወጪት ሰባሪ ደግሞ እኔ ባቆምኩት ቤት አይውልም። ዛሬውኑ አሰናብተው።»

አሉላ አፉን ከፈተ። አማቱ ትኩር ብለው አዩት። በዚያ ሱቅ በር ላይ ቁልፉን ይዘው ሲያዩት የነበረው ዓይን ነው። የገለታን ሒሳብ ሊሠራ ወደ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ሒሳቡን በፖስታ አድርጎ በሩ ጋ ወጣ። ገለታ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ እያሰረ ነበር። ለመለመን የተዘጋጀ ሰው አይመስልም። አሉላ ፖስታውን ዘረጋለት።

«ገለታ፣ እኔ እኮ… አባባን ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ ጋሼ።»

«ሌላ ሥራ አፈላልግልሃለሁ። ጎተራ የማውቀው ሰው አለ።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ገለታ ፖስታውን ሳይከፍት ኪሱ ከተተው። ጥቅሉን ትከሻው ላይ አደረገ። ጥቂት ተራምዶ ተመለሰና፣ ማንም እንደሌለ ግራ ቀኝ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይጨነቁ ጋሼ፣ ለአባባ እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ፤ እርስዎ ለሰዎቹ ሲደውሉ ግን እኔም ታንከሩ ጋ ባልዲ እየሞላሁ ነበር።»