የወንድም ጋሼ ድምፅ በላፓዝ

በቦሊቪያዋ ላፓዝ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ጆሮው ውስጥ አስተርጓሚ መሣሪያ ይሰኩለታል፤ አስተርጓሚውም በቅርብ ዘመድ ድምፅ ብቻ ይናገራል። ዘርጋው ከአንድ ታላቅ ወንድሙ በቀር ዘመድ የለውም። ያ ወንድሙ በአባታቸው ተዝካር ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ «ከአራተኛ ክፍል ያልዘለለ ደንቆሮ!» ብሎታል።

ገደል ላይ በተንጠለጠለችው ከተማ ፖሊሱም ባለታክሲውም በዚያው ድምፅ አናገሩት።

«ባሕር ተሻግሬም አልለቀቅከኝም?» አለና መሣሪያውን ሊነቅለው እጁን ሰደደ።

ይኼኔ አንዲት ባለባርኔጣ ሾርባ ሻጭ ጠራችው። «ና ወንድሜ፣ ብርድ ገብቶሃል። አጠገቤ ተቀመጥና ብላ።»

ከዚያ የወንድሙ ድምፅ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቶ አያውቅም። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«እትዬ፣» አለ፣ «እስቲ ይድገሙልኝ።»