አራተኛው ምስክር

የሽማግሌው ትንፋሽ ይቆራረጣል። አጠገባቸው የተቀመጠችው ያሳደጓት እንጂ የወለዷት ልጅ ስላልሆነች፣ ያለ ኑዛዜ ቤታቸው ለወንድማቸው ልጆች ይሆናል። ኑዛዜው ተጽፏል፤ ሦስት ምስክሮች ፈርመው አራተኛውን ፍለጋ ወጥተዋል።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሡኝ!»

«እኔስ በታገሥኩ፤ ሞት እንቢ አለ እንጂ።»

ዐይናቸው ሊከደን ሲል እስክሪብቶውን አንሥታ በአራተኛው ቦታ ላይ ራሷ ፈረመች።

«አባባ፣ አራት ሞላ!»

«ተመስገን» ብለው አረፉ።

በችሎቱ ቀን የወንድማቸው ልጆች ጠበቃ ይዘው መጡ። ዳኛዋ ኑዛዜውን አገላበጡ።

«አራተኛው ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ ነው!» አለች ቀና ብላ። «ሰው ሲጠፋ እኔ ደረስኩላቸው።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ በኑዛዜ ላይ የመሰከረ ሰው በዚያው ኑዛዜ አይወርስም።»